ለሪል እስቴት ላይሰንስ የምትፈተኑ፦ የባለቤትነቱን ምዕራፍ እንዴት ያዛችሁት?

ተማሪ_ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ የሚጠይቀውን የ60 ሰዓት ኮርስ ጨርሼ ለፈተናው እየተዘጋጀሁ ነው። ሒሳቡ፣ የኮንትራቱ ክፍል፣ የኤጀንሲው ሕግ ያን ያህል አያስቸግሩኝም። የከበደኝ የባለቤትነቱ ምዕራፍ ነው። ፊ ሲምፕል፣ ላይፍ እስቴት፣ ሪሜይንደር፣ ሪቨርሽን፣ ጆይንት ቴናንሲ፣ ኢዝመንት፣ ሊን… ትርጉማቸውን በካርድ ጽፌ ሸምድጃቸዋለሁ። ጥያቄው ታሪክ ሆኖ ሲመጣ ግን ከአራቱ ምርጫ ሁለቱ ልክ ይመስሉኛል። ለምሳሌ ይቺ፦ አባት ቤቱን ለሁለተኛ ሚስቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ፣ ከዚያ በኋላ ለልጁ ሰጠ። ሚስትየዋ ቤቱን ብትሸጠው ገዢው ምን ያገኛል?

ያለፋችሁ ሰዎች እንዴት እንዳጠናችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። በአማርኛ ብታስረዱኝ ደግሞ ይበልጥ፤ ነገ ደንበኞቼ የሚሆኑት ወገኖቻችን ናቸውና ለእነሱም ማስረዳት መቻል አለብኝ።

የስፕሪንግፊልዷ_ኤጀንት

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ካርዶቹን አትጣያቸው፤ ከካርዱ የሚቀድም ነገር ግን አለ። በዚህ አገር ሕግ «ቤቱ የእኔ ነው» ማለት ብዙ መብቶች ባንድነት እጄ ላይ ናቸው ማለት ነው። መያዝ፣ መጠቀም፣ ሌላውን መከልከል፣ እንደፈለጉ ማስተዳደር፣ መሸጥ ወይም ማውረስ። አስተማሪዎች እንደ እንጨት እስር አድርገው የሚያስረዱት ለዚህ ነው። ከእስሩ አንዱን መዘሽ ለሌላ ሰው ብትሰጪ የቀሩት አንቺው ዘንድ ናቸው። ስታከራዪ የመያዝ መብትሽን ለጊዜው ሰጠሽ። የመብራት ድርጅት በግቢሽ መስመር እንዲያሳልፍ ስትፈቅጂ የመከልከል መብትሽ በዚያች ቁራጭ መሬት ላይ ቀነሰ። ቤቱን ለባንክ መያዣ ስታደርጊም እንዲሁ፤ እየኖርሽበት የባንኩ እጅ አለበት።

ስለዚህ ታሪኩን አንብቢና ጠይቂ፦ የትኛው መብት ነው? በማን እጅ ነው? እስከ መቼ ነው፣ ከዚያስ ወደ ማን ይሄዳል? ምዕራፉ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ ከእነዚህ ለአንዱ መልስ ነው።

ያንቺን ጥያቄ በዚህ እንይ። ሚስትየዋ እጅ ያለው እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የሚቆይ ሙሉ የመያዝና የመጠቀም መብት ነው፤ ላይፍ እስቴት የሚባለው ይኸው ነው። ከያዘችው በላይ መሸጥ አትችልም፤ የያዘችውን ግን ትሸጣለች፣ ታከራያለች፣ መያዣም ታደርጋለች። ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው በእሷ ዕድሜ የሚለካ መብት ነው። እሷ ስታርፍ ቤቱ ያለ ምንም ክርክር ለልጁ ይሆናል። ገዢው ቀድሟት ቢሞት የእሱ ወራሾች እሷ እስክታርፍ ይቆዩበታል። ልጁ የያዘው ሪሜይንደር ይባላል። አባትየው «ከእሷ በኋላ ወደ እኔ ይመለስ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሪቨርሽን ነበር። ልዩነታቸው ይኸው ነው፦ ወደ ሦስተኛ ሰው ከሄደ ሪሜይንደር፣ ወደ ሰጪው ከተመለሰ ሪቨርሽን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፈተና ላይ ይወዱታል። ሚስትየዋ ግብሩን ትከፍላለች፣ ቤቱን ትጠግናለች፤ ልጁ የሚረከበውን ዋጋ የሚያሳጣ ጥፋት መፈጸም አትችልም። ይህ ጥፋት ዌስት ይባላል።

ተማሪ_ከአሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። አሁን ገዢው ለምን ሁሉን እንደማያገኝ ገባኝ። ፊ ሲምፕል ታዲያ «እስከ መቼ» የሚለው መልስ የሌለው ነው ማለት ነው?

የስፕሪንግፊልዷ_ኤጀንት

ልክ ነሽ፣ ማብቂያ የለውም፤ ከወራሽ ወደ ወራሽ ይሄዳል። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ የተንጠለጠለበት ፊ ሲምፕልም አለ። አንድ ሰው መሬቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ እንበል። ሰነዱ «ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እስከዋለ ድረስ» ካለ፣ አገልግሎቱ በቆመ ቀን መሬቱ በራሱ ጊዜ ወደ ሰጪው ወይም ወደ ወራሾቹ ይመለሳል። «መጠጥ ቤት እንዳይከፈትበት በሚል ሁኔታ» ካለ ግን ሁኔታው ቢጣስም መሬቱ በራሱ አይመለስም፤ ሰጪው ፍርድ ቤት ሄዶ መጠየቅ አለበት። ሁለቱን የሚለየው የሰነዱ አነጋገር ነው፤ የጊዜ ቃል ካየሽ የመጀመሪያው፣ የሁኔታ ቃል ካየሽ ሁለተኛው።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት

ልጆቼ፣ ጥሩ ውይይት ይዛችኋል። አንድ ጓደኛዬ ለልጁ ሲያስረዳ «ፊ ሲምፕል ማለት የኛው ርስት ነው» ሲል ሰማሁትና እዚህ ልጻፈው አልኩ። ይህ ልክ አይደለም። በሰሜኑ አገር ርስት በትውልድ የሚገኝ መብት ነበር። ከአቅኚው አባት የተወለደ ሁሉ ድርሻዬን ብሎ ይጠይቃል፣ ያርሳል፣ ለልጁ ያወርሳል። ከዘር ውጪ አውጥቶ ለባዕድ መሸጥ ግን እንደ ልብ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ዘመዶች ይከላከሉታል። እህታችን የዘረዘረቻቸውን መብቶች ብትቆጥሩ የመሸጡ መብት ከርስቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ፊ ሲምፕል ደግሞ ያለ እሱ አይቆምም። ስለዚህ ርስትን ከፊ ሲምፕል ጋር አንድ አድርጎ የሚያጠና ሰው ፈተናው ላይ ይሳሳታል፤ ታሪኩንም ያበላሻል።

ጠበቃ_ከልደታ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፤ ደንበኞቼ ብዙዎቹ ውጪ አገር ያሉ ወገኖች ስለሆኑ የሁለቱ አገር ሐሳብ ሲቀላቀልባቸው በየቀኑ አያለሁ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) ይህን ምዕራፍ ለመረዳት ያግዛል ብዬ አምናለሁ፤ የሚመሳሰለውንና የማይመሳሰለውን ለይቶ ለሚያይ ሰው።

ላይፍ እስቴት የሚመስለው አላባ ነው፤ ሕጉ ከቁጥር 1309 ጀምሮ ይዘረዝረዋል። ባለአላባው በንብረቱ ይጠቀማል፣ ፍሬውን ይወስዳል፣ ባለሀብቱ ሌላ ሰው ነው። ኢዝመንት የሚመስለው ደግሞ ከቁጥር 1359 ጀምሮ ያለው የንብረት አገልግሎት ነው፤ አንዱ መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም ሸክም ይሸከማል።

የማይመሳሰለውን ደግሞ እዩት። በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ መሬት የግል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን መሬትና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረጉ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቤት «ገዛሁ» የሚለው ሰው የቤቱ ባለቤት ነው፤ የመሬቱ ግን ባለይዞታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ የያዘ ከሆነ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። አሜሪካ ፊ ሲምፕል የገዛ ሰው መሬቱንም ጭምር ነው የገዛው። ደንበኛችሁ አገር ቤት ቤት የነበረው ከሆነ ይህን ልዩነት ጊዜ ወስዳችሁ አስረዱት፤ ያለዚያ የምትሉት ሁሉ ከሚያውቀው ጋር ይጋጭበታል።

ባልቲሞር_ነዋሪ

የ99 ዓመቱን ሊዝ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ማሪላንድ የምትፈተኑ ይህን እንዳትዘሉት። ባልቲሞር ውስጥ ግራውንድ ሬንት የሚባል አለ። ቤቱን ትገዛላችሁ፣ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ለሱ በየዓመቱ ወይም በየስድስት ወሩ ትንሽ ኪራይ ትከፍላላችሁ። ሊዙ 99 ዓመት ሆኖ ለዘላለም ይታደሳል። ስለዚህ ገዢው የያዘው ፊ ሲምፕል ሳይሆን ሊዝሆልድ (የኪራይ ይዞታ) ነው። ለመኖሪያ ቤት አዲስ ግራውንድ ሬንት መፍጠር ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተከልክሏል፤ የድሮዎቹ ግን አሁንም ብዙ ናቸው።

መሬቱን ከመሬቱ ባለቤት ገዝቶ ሙሉ ባለቤት መሆን ይቻላል፤ ሪደምፕሽን ይሉታል። ሒሳቡ የዓመቱን ኪራይ ሕጉ ባስቀመጠው መቶኛ ማካፈል ነው። መቶኛው ሊዙ በተፈረመበት ዘመን ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው 6 ከመቶ ነው። የዓመት ኪራዩ 96 ዶላር ከሆነ 96ን ለ0.06 ስታካፍሉ 1,600 ዶላር ይመጣል። የኛ ሰው ርካሽ ቤት አገኘሁ ብሎ ወደ ባልቲሞር ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ፊ ሲምፕል ነው ወይስ ግራውንድ ሬንት አለበት?

ሰነድ_መርማሪዋ

እኔ የምሠራው ታይትል ካምፓኒ ነው። የባለቤትነት ታሪክ ወደ ኋላ እየሄድን የምንመረምር ሰዎች ነን። ክሎዚንግ (የቤት ሽያጩ የሚጠናቀቅበት ፊርማ) ላይ ወገኖቻችን በተደጋጋሚ የሚጠይቁኝ «ካርታው የት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አገር ቤት ካርታው የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ ያለ እሱ ምንም አይንቀሳቀስም። እዚህ ግን እንደዚያ ያለ አንድ ወረቀት የለም። ታይትል መብቱ ራሱ ነው፣ አይታይም አይዳሰስም። ዲድ ደግሞ መብቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈበት ሰነድ ነው። መብቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በካውንቲው መዝገብ የተመዘገቡት ሰነዶች አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው ሲነበቡ ነው። አንዱ ሰንሰለት ከተቋረጠ (ለምሳሌ ወራሽ ሳይፈርም የተሸጠ ቤት) ያኔ ነው ጣጣው። ኦነርስ ታይትል ኢንሹራንስ የሚገዛው ለዚህ ነው፤ ክሎዚንግ ላይ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ባንኩ የሚያስገዛችሁ ባንኩን ብቻ የሚጠብቅ ነው፤ ገዢውን የሚጠብቀው ለብቻው ነው። ይህን ለደንበኞቻችሁ ሳትነግሩ እንዳትቀሩ እለምናችኋለሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው።

ፈተና ላይ የሚያስቱ ነገሮች አሉ። ዲድ ላይ የሚፈርመው ሰጪው ብቻ ነው፤ ተቀባዩ አይፈርምም። መብቱ የሚተላለፈው ዲዱ ተሰጥቶ ተቀባይ ሲቀበለው ነው፤ ምዝገባው መብቱን አያስተላልፍም፣ ለዓለም ሁሉ ማስታወቂያ ነው። ጀነራል ዋራንቲ ዲድ ለተቀባዩ ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሰጪው ከሱ በፊት ለነበረው ታሪክ ሁሉ ኃላፊነት ይወስዳል። ስፔሻል ዋራንቲ እሱ በያዘበት ዘመን ለተፈጠረው ብቻ ነው። ኲትክሌም ምንም ዋስትና የለውም፦ «መብት ካለኝ ሰጥቼሃለሁ» ነው። ዘመድ ከዘመድ ስም ለማውጣት የሚጠቀሙበት እሱን ነው።

ተማሪ_ከአሌክሳንድሪያ

ሞርጌጀርና ሞርጌጂ፣ ግራንተርና ግራንቲ… እነዚህ ደግሞ ይምታቱብኛል።

ሰነድ_መርማሪዋ

«ኦር» ሰጪው ነው፣ «ኢ» ተቀባዩ። ግራንተር መብቱን ይሰጣል፣ ሌሰር ቤቱን ለኪራይ ይሰጣል። ሞርጌጀር ግን ባንኩ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞርጌጅ ማለት መያዣው ነው፣ መያዣውን የሰጠው ተበዳሪው ነው። ባንኩ ገንዘብ ሰጠ፣ መያዣውን ግን ተቀበለ፤ ስለዚህ ሞርጌጂ ነው። እኛ አካባቢ (ቨርጂኒያ፣ ማሪላንድ፣ ዲሲ) ደግሞ በብዛት የሚሠራበት ዲድ ኦፍ ትረስት ነው፤ እዚያ ሦስት ወገን አለ፦ ተበዳሪው፣ አበዳሪው፣ በመሐል የቤቱን ታይትል በመያዣነት የሚይዘው ትረስቲ።

ጠበቃ_ከልደታ

ከዚሁ ሳንወጣ ስለ ቃብድም አንድ ነገር። በኛ ሕግ ቃብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቃብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ ቁጥር 1885 ነው። አሜሪካ ያሉ ደንበኞቼ ሻጩ ሲያፈገፍግ «እጥፉን ይክፈለኝ» ይላሉ።

የስፕሪንግፊልዷ_ኤጀንት

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ይህን እኔም ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። እዚህ እጥፍ የሚባል ደንብ የለም፤ ማን ምን እንደሚያጣ የሚወስነው ኮንትራቱ ነው። ገንዘቡም ሻጩ ኪስ አይገባም፤ እስክሮ አካውንት ላይ (በሦስተኛ ወገን እጅ) ይቀመጣል። ለፈተናው ደግሞ ይህን ያዙ፦ ኧርነስት መኒ (ቃብዱ) ባይኖርም ኮንትራቱ የጸና ሊሆን ይችላል። ኮንትራቱን የሚያጸናው ሁለቱ የተለዋወጡት ቃል ኪዳን ነው። በጽሑፍ መሆኑ ግን ግዴታ ነው።

ሁለት_ስም_አንድ_ቤት

በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ገና አልተነሳም፤ የጋራ ባለቤትነት። የኛ ሰው ቤት የሚገዛው ተጋግዞ ነው። ወንድምና እህት፣ ሁለት ጓደኛሞች፣ አክስትና የእህት ልጅ፣ አንዱ ክሬዲቱን ሌላው ዳውን ፔይመንቱን ያመጣል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ስማቸው ዲዱ ላይ እንዴት እንደሰፈረ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ወንድምና እህት ዉድብሪጅ ላይ ቤት ገዙ እንበል። ወንድምየው አዲስ አበባ ሚስትና ልጆች አሉት። ድንገት አረፈ። ዲዱ ላይ የያዙት ቴናንሲ ኢን ኮመን ከሆነ የሱ ድርሻ ወደ ወራሾቹ ይሄዳል፤ እህቱ ከወንድሟ ሚስትና ልጆች ጋር ባለቤት ሆነች ማለት ነው። ጆይንት ቴናንሲ ከነሰርቫይቨርሺፕ መብቱ ከሆነ ደግሞ ድርሻው በቀጥታ ለእህቱ ይሄዳል፤ ኑዛዜ ቢኖርም አይለውጠውም፤ ልጆቹ ከዚያ ቤት ምንም አይደርሳቸውም። የትኛው ትክክል እንደሆነ እኔ አልፈርድም፤ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። ሳያውቁት መሆኑ ግን ያሳዝናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ዲዱ ላይ የሰርቫይቨርሺፕ መብት በግልጽ ካልተጻፈ አለ ተብሎ አይገመትም።

ባልና ሚስት ሦስተኛ መንገድ አላቸው፦ ቴናንሲ ባይ ዘ ኢንታየርቲ። ቨርጂኒያም ማሪላንድም ዲሲም ይቀበሉታል። አንዱ ሲሞት ሙሉው ለሌላው ነው፤ አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም፤ የአንዱ ብቻ የሆነ ዕዳም ቤቱን አይነካውም። ካሊፎርኒያ ወይም ቴክሳስ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ እዚያ ሕጉ ኮሚዩኒቲ ፕሮፐርቲ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተፈራው የሁለቱም ነው። እንዲህ ያሉ 9 ግዛቶች አሉ።

ለፈተናው ይቺን ሥሩ። ሀ፣ ለና ሐ በጆይንት ቴናንሲ እኩል ባለቤቶች ናቸው። ሐ ድርሻውን ለመ ሸጠ። ከዚያ ሀ ሞተ። ለ እና መ ስንት ስንት አላቸው?

ተማሪ_ከአሌክሳንድሪያ

ልሞክር። ጆይንት ቴናንሲ አራት አንድነት ይፈልጋል፦ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰነድ፣ እኩል ድርሻ፣ የጋራ ይዞታ። መ የገባው በሌላ ጊዜና በሌላ ሰነድ ስለሆነ ጆይንት ቴናንት መሆን አይችልም፤ ለሦስተኛዋ እጅ ቴናንት ኢን ኮመን ነው። ሀ እና ለ ግን በመሐላቸው እንደነበሩ ናቸው። ሀ ሲሞት ድርሻው ለለ ይሄዳል። ስለዚህ ለ ሁለት ሦስተኛ፣ መ አንድ ሦስተኛ።

ሁለት_ስም_አንድ_ቤት

በትክክል! አሁን ለ ሲሞት ሁለት ሦስተኛው ወደ ወራሾቹ ነው የሚሄደው፤ የሚተካው ጆይንት ቴናንት የለምና።

የስፕሪንግፊልዷ_ኤጀንት

ወንድሜ የጻፈውን ሁሉም ያንብበው። ላይሰንስ ስታገኙ ግን ድንበሩን እወቁ። ደንበኛ «በየትኛው እንጻፈው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ልዩነቱ እንዳለ ንገሩት፣ ምርጫውን ግን ከጠበቃ ጋር ይምከር በሉት። «በዚህ ጻፉት» ማለት የሕግ ምክር መስጠት ነው፤ ላይሰንሳችን ያንን አይፈቅድም። ዘመድ ቢሆንም፣ በተለይ ዘመድ ከሆነ።

ምጣድ_ቤት

የእኔ ጥያቄ ስለ ፊክስቸር (ከቤቱ ጋር ስለተገጠመ ዕቃ) ነው። ቤዝመንት ውስጥ የእንጀራ ቦታ አሠርቻለሁ፤ የራሱ 220 ቮልት መስመር፣ ጭስ የሚያወጣ ማራገቢያ ከነቱቦው ግድግዳው ተበስቶ የገባ፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ጠረጴዛ፣ በላዩ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ቤቱን ብሸጥ የትኛው ከቤቱ ጋር ይሄዳል?

የስፕሪንግፊልዷ_ኤጀንት

ድንቅ ጥያቄ፣ ለተማሪዎቹም ከመጽሐፉ ይልቅ ይጠቅማል። ሕጉ የሚያየው እንዴት እንደተገጠመ፣ ለዚያ ቤት ተብሎ የተሠራ መሆኑን፣ የሰዎቹን ግንኙነት፣ ሲገጠም የነበረውን ሐሳብና ከሁሉ በላይ ስምምነቱን ነው። መስመሩ፣ ማራገቢያውና ጠረጴዛው የቤቱ አካል ሆነዋል፤ ለገዢው ይቀራሉ። ምጣዱ ከሶኬት ነቅለሽ ተሸክመሽው የምትሄጂ ከሆነ ያንቺ ነው። ማራገቢያውን መውሰድ ከፈለግሽ ቤቱ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ንቀዪው፤ ያለዚያ ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ። ጓሮ የተከልሽው ፖም የመሬቱ አካል ነው። ጎመንና ቲማቲሙ በየዓመቱ የሚዘሩ ስለሆኑ እምብልመንትስ ይባላሉ፤ ለፈተናው የግል ንብረት ናቸው።

እንጀራ መጋገሪያ ወይም ምግብ ቤት ተከራይተው ለሚሠሩ ግን ደንቡ ሌላ ነው። ለንግዱ ብለው የገጠሙት ትሬድ ፊክስቸር ነው፣ የተከራዩ ንብረት ነው፤ የኪራይ ዘመኑ ሳያልቅ ማንሳትና ያበላሹትን መጠገን አለባቸው። ዘመኑ ካለፈ ለአከራዩ ሊቀር ይችላል። ሊዝ ሲፈርሙ ማንም ይህን አይነግራቸውም።

ጠበቃ_ከልደታ

በኛ ሕግ ዛፍም አዝመራም ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል ነው፤ ቁጥር 1133። ስለዚህ የሁለቱ አገር መልስ ይለያያል።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_አባት

መንግሥትስ በግል መሬት ላይ ምን ሥልጣን አለው? ልጄ ተምሮ «አራት ነው» አለኝ።

የስፕሪንግፊልዷ_ኤጀንት

ልክ ብሏል ጋሼ። ፖሊስ ፓወር፣ ማለትም ዞኒንግና የግንባታ ደንብ፣ ያለ ካሳ የሚሠራ ነው። ኤሚነንት ዶሜይን ለሕዝብ ጥቅም መሬት መውሰድ ነው፣ ተገቢ ካሳ ግዴታ ነው። ግብር፤ ካልተከፈለ ከሞርጌጁም ቀድሞ ቤቱን ይይዛል። እስቺት ደግሞ ባለቤቱ ያለ ኑዛዜና ያለ ወራሽ ሲሞት ንብረቱ ለግዛቱ መሆኑ ነው። ስለ ኤሚነንት ዶሜይን ብዙ ክርክር አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬሎ ጉዳይ ላይ ኮኔክቲከት ውስጥ የምትገኘው የኒው ለንደን ከተማ ለኢኮኖሚ ልማት ብላ የግል ቤቶችን መውሰድ ትችላለች ብሎ 5 ለ4 ወሰነ። ብዙ ግዛቶች ተቆጥተው ሕጋቸውን አጠበቁ፤ ቨርጂኒያም በ2012 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷን በሕዝብ ድምፅ አሻሽላ ለግል ድርጅት ጥቅም ወይም ግብር ለመጨመር ተብሎ መሬት እንዳይወሰድ ከለከለች።

ጠበቃ_ከልደታ

በኢትዮጵያ በአዋጅ 1161/2011 ባለይዞታው ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመነሳቱ ነው፤ የመሬቱ ዋጋ አይገባበትም። የመሬቱ ባለቤት መንግሥት ነውና። ከላይ ስለ ባለይዞታ ያልኩት ኑሮ ላይ ሲደርስ ይህን ይመስላል፤ በልማት ምክንያት የተነሱ ሰዎች ጉዳይ ይዘው ሲመጡ የማስረዳው ይህን ነው፣ ማስረዳቱም ከባድ ነው።

ተማሪ_ከአሌክሳንድሪያ

የመጨረሻ ጥያቄ ይዤ ልለቃችሁ። ጎረቤት በሌላው ሰው ድራይቭዌይ 25 ዓመት ሲያልፍ ኖረ። ባለቤቱ መጀመሪያ ቀን «ችግር የለም፣ እለፍ» ብሎታል። አሁን ባለቤቱ ከለከለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለፕሪስክሪፕሽን (ለረጅም ዘመን በመጠቀም ኢዝመንት ለማግኘት) 20 ዓመት ነው፣ 25 ደግሞ አልፏል። ስለዚህ ኢዝመንት አለው ልል ነበር፤ ሦስቱን ጥያቄ ስጠይቅ ግን ጎረቤቱ እጅ ላይ ያለው መብት ሳይሆን ፈቃድ ብቻ ነው። ልክ ነኝ?

ሰነድ_መርማሪዋ

ልክ ነሽ። እንዲህ ያለው ፈቃድ በንብረት ሕግ ላይሰንስ ይባላል፤ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፣ ቤቱ ሲሸጥም ያበቃል። ፕሪስክሪፕሽን ያለ ፈቃድ፣ በግልጽና ሳያቋርጡ መጠቀምን ይፈልጋል። መሬቱን ራሱን በአድቨርስ ፖዘሽን ለመያዝም ፈቃድ አለመኖሩ ግድ ነው፤ ለሱ ቨርጂኒያ 15፣ ማሪላንድ 20 ዓመት ነው፣ ቁጥሮቹን አታምታቻቸው። መሬቱ ዙሪያውን ተዘግቶ ሌላ መውጫ የሌለው ቢሆን ኖሮ መልሱ ሊለወጥ ይችል ነበር፤ ኢዝመንት ባይ ነሰሲቲ ሊመጣ ይችላል። ጥያቄው መውጫ የለውም ካላለ ግን ከራስሽ አትጨምሪበት።

ተማሪ_ከአሌክሳንድሪያ

ተባረኩ። የሊን (በንብረት ላይ ያለ የዕዳ መያዣ) ቅደም ተከተልና የሊዝሆልድ ዓይነቶች ላይ የሠራኋቸውን ጥያቄዎች ቅዳሜ በአዲስ ክር እለጥፋለሁ፤ የማሪላንድ ተፈታኞችም ግቡበት።